የሎቫት ቤት አባቶችና ልጆች

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቦ ነበር። የሚታየው «ዘ ሎንጀስት ዴይ» የተባለው የጦርነት ፊልም ነው፤ በ1962 የተሠራ፣ ቀለም የሌለው፣ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሳታስታውሱት የማትቀሩት። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) የእንግሊዝ ወታደሮች ከጀልባ እየዘለሉ እስከ ወገባቸው ባሕር ውስጥ ገብተው ወደ ፈረንሳይ ዳርቻ ይገሰግሳሉ። ጥይት ይዘንባል፤ ሰው ይወድቃል። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ወጣት ጉርድ ቀሚስ ለብሶ፣ ጠመንጃ ሳይዝ፣ በብብቱ ከረጢት አቅፎ ዜማ ይነፋል።

የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዞር ብሎ «አባባ፣ ይሄ ሰውዬ መሣሪያ የለውም እንዴ?» አለኝ። የለውም አልኩት። «ታዲያ ለምን መጣ?» አለቃው ንፋ ስላለው ነው አልኩት። «አለቃውስ በኋላ ምን ሆነ?» ጀግና ነበር፣ ብዙ ሜዳሊያ ተሸለመ አልኩና ነገሩን ዘጋሁት። እሱም በዚሁ ረክቶ ወደ ፊልሙ ተመለሰ። ያልረካሁት እኔ ነኝ። የዚያን አለቃ ታሪክ አውቀዋለሁ፤ ሜዳሊያው የታሪኩ ትንሹ ክፍል ነው። ቀሪው የአባትና የልጅ ነገር ስለሆነ፣ ለሕፃኑ ያልነገርኩትን ዛሬ ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች ላውራችሁ።

አለቃው ሎርድ ሎቫት ይባላል። ሙሉ ስሙ ሲሞን ክሪስቶፈር ጆሴፍ ፍሬዘር ነው። ጁላይ 9 ቀን 1911 በሰሜን ስኮትላንድ፣ ከኢንቨርነስ ከተማ ወጣ ብሎ ብዩሊ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ቦፈርት በተባለው የቤተሰቡ ግንብ ተወለደ። በዚያ ተራራማ አገር ሰው በክላን ይቆጠራል። ክላን ማለት አንድ ስም ይዞ፣ ራሱን የአንድ አባት ዘር አድርጎ የሚያይ፣ አንድ አለቃ ያለው ወገን ነው። የሎቫት ፍሬዘሮች አለቃ በአገሩ ቋንቋ በጌሊክ «ማክሺሚ» ይባላል፤ «የሲሞን ልጅ» ማለት ነው። የክርስትና ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ አለቃ ሲሆን የሲሞን ልጅ ይሆናል። ሎርድ ሎቫትንም ወዳጆቹ ዕድሜ ልኩን ሺሚ እያሉ ነው የጠሩት። የአባታችንን ስም ከስማችን አስከትለን ለምንጠራ ለእኛ ይህ ብዙም እንግዳ አይደለም። ብቻ እኛ ብንቆጥር ብንቆጥር ለመታወቂያ ከአያት አናልፍም፤ ፍሬዘሮቹ ያንኑ አንድ አባት በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት ተሸከሙት።

ከሲሞኖቹ ሁሉ ስሙ የገነነው 11ኛው ሎርድ ሎቫት ነው፤ «ሽማግሌው ቀበሮ» ይሉታል። በ1745 ከዙፋን የተባረረው የስቱዋርት ቤት ልዑል ቻርልስ የአያቱን ዘውድ ለማስመለስ ስኮትላንድ ገብቶ ጦር አስነሣ። ሽማግሌው ቀበሮ ማን እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ አልነበረም። ስለዚህ ራሱ ቤቱ ተቀምጦ ለመንግሥት ታማኝ ነኝ እያለ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ የ19 ዓመት ልጁን ክላኑን አስከትሎ ለልዑሉ እንዲዋጋ ላከው። ለባለሥልጣኖቹም ልጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የሄደ ብሎ ጻፈ። ልዑሉ ቢያሸንፍ ልጁ ከጎኑ አለ፤ ቢሸነፍ ጥፋቱ የልጁ ነው። እኔ ስለዚህ ቤት ሳነብ ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን ዘግቼ የተቀመጥኩት። አባት ልጁን ጋሻ አድርጎ ከኋላው ሲቆም!

አልጠቀመውም። በኤፕሪል 1746 በከሎደን ሜዳ የልዑሉ ጦር ተደመሰሰ። የመንግሥት ወታደሮች የሎቫትን ግንብ አቃጠሉ። ሽማግሌው ለንደን ተወስዶ ኤፕሪል 9 ቀን 1747፣ ዕድሜው ወደ 80 ተጠግቶ፣ አንገቱ በመጥረቢያ ተቀላ። በብሪታንያ አንገቱ ተቀልቶ የሞተ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። ማዕረጉም ርስቱም ተወረሰ። የተላከው ልጅ ግን ከእስር ተፈትቶ ይቅርታ አገኘና፣ በ1757 ለዚያው አባቱን ለገደለው መንግሥት የፍሬዘር ሰዎችን መልምሎ ክፍለ ጦር አቋቋመ። ካናዳ ዘምተው በ1759 በኩቤክ ተዋጉ። በ1774 የቤተሰቡ መሬት ተመለሰለት። እሱ ልጅ ሳይወልድ ሞተና ወንድሙ አርቺባልድ ወረሰ። አርቺባልድ አምስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። አምስቱም ከአባታቸው በፊት ሞቱ። በ1815 እሱም ሲሞት ርስቱ ወደ ሩቅ ዘመድ አለፈ፤ የዛሬዎቹ ሎቫቶች የዚያ ሩቅ ዘመድ ዘር ናቸው። እነዚያን አምስት ልጆች ለጊዜው አስቀምጡልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

የጀግናችን አባት፣ እሱም ሲሞን፣ የተለየ ዓይነት ሰው ነበር። በ1900 በደቡብ አፍሪካ የቦር ጦርነት ሲፋፋም «ሎቫት ስካውትስ» የተባለውን ጦር አቋቋመ፤ አብሯቸውም ዘመተ። ሰዎቹ በየተራራው አጋዘን ሲከታተሉ ያደጉ ናቸው። ሣርና ጨርቅ ለብሰው ከመሬት ጋር ተመሳስለው ሰዓታት መተኛት፣ በመነጽር ከሩቅ መለየት፣ አንዴ ተኩሰው መጣል ያውቃሉ። ዛሬ አልሞ ተኳሾች የሚለብሱትን ያንን ሣር የበቀለበት የሚመስል ልብስ ወደ ጦር ሜዳ ያመጡት እነሱ ናቸው። አባትየው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 የብሪታንያ የደን ኮሚሽን የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆነ። በ1933 በድንገት ሞተ።

ሺሚ ያኔ 21 ዓመቱ ነበር። ማዕረጉንና የክላኑን አለቅነት፣ በላዩም 250 ሺህ ኤከር የሚጠጋ መሬት ወረሰ። ይህ አንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ የአዲስ አበባን ስፋት እጥፍ ያህላል። አብዛኛው ድንጋይ፣ ጫካና አጋዘን የሚውልበት ሜዳ ነው፤ ቢሆንም ለሃያ አንድ ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው።

በ1938 ሮዛመንድ ዴልቭስ ብሮተን የተባለች ወጣት አገባ። አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ወለዱ። ትዳሩ እስከ ሞት የዘለቀ ነው፤ ግን ገና ከጅምሩ መከራ ገጠመው። የሮዛመንድ አባት ሰር ጆክ ዴልቭስ ብሮተን በ1941 ኬንያ ውስጥ ሎርድ ኤሮልን ገድለዋል ተብለው ተከሰሱ። ጉዳዩ የሚስት፣ የቅናትና የመጠጥ ስለነበረ ጋዜጣው ሁሉ ሲቀባበለው ከረመ። ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበታቸው፤ ወደ እንግሊዝ ተመለሱና በ1942 መጨረሻ ራሳቸውን አጠፉ። እንግዲህ በእነዚያው ሁለት ዓመታት የአንዱ ቤት ባል በጀግንነት፣ አማት በወንጀል ስማቸው ይነሣ ነበር። ሕፃናት ታቅፋ በሁለቱ መካከል የነበረችው ሴት ቀኑን እንዴት እንደምትውለው የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች አይጠይቁም።

የዘመዶቹን ዝርዝር ብጀምር ገጹ አይበቃኝም። የአክስቱ ልጅ ዴቪድ ስተርሊንግ በ1941 በሰሜን አፍሪካ በረሃ ኤስ ኤ ኤስ የተባለውን ልዩ ጦር የመሠረተው ነው። እህቱ ቬሮኒካ የመጀመሪያ ባሏ በ1943 በሌሮስ ደሴት ከተገደለባት በኋላ ፊትዝሮይ ማክሊንን አገባች፤ በፓራሹት ዩጎዝላቪያ ወርዶ ከቲቶ ጋር የነበረውን የእንግሊዝ ልዑክ የመራውን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ በበዓል ቀን ገበታ ዙሪያ ምን ይወራ እንደነበር መስማት በወደድኩ።

ወደ ጦርነቱ እንምጣ። ሺሚ በ1939 በአባቱ ጦር ውስጥ መኮንን ሆኖ ተጠራ። በዓመቱ ግን አዲስ ለተቋቋመው ለኮማንዶ ጦር በፈቃዱ ተመዘገበ። የመጀመሪያው ትልቅ ዘመቻ በማርች 1941 በኖርዌይ የሎፎተን ደሴቶች ላይ የተደረገው ነው። በእኛ የካቲት 1933 መሆኑ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሊገቡ ሁለት ወር ሲቀራቸው። ኮማንዶዎቹ የዓሣ ዘይት ፋብሪካዎችን አቃጠሉ። የዓሣ ዘይት ምን ያደርጋል ብትሉ፣ ከእሱ የሚወጣው ግሊሰሪን ለፈንጂ መሥሪያ ይሆናል። ከሦስት ሚሊዮን ሊትር በላይ ዘይት ነደደ፤ ሁለት መቶ የሚያልፉ ምርኮኞች ተያዙ፤ ከሦስት መቶ በላይ ኖርዌያውያን እኛም እንዋጋ ብለው አብረው ተሳፈሩ። በ1942 የጸደይ ወራት በፈረንሳይ ጠረፍ ላይ በተደረገ ሌላ ወረራ ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን ሜዳሊያ አገኘ።

በዚያው ዓመት ኦገስት 19 ዲየፕ መጣ። ዲየፕን ካናዳውያን አይረሱትም። ወደ አምስት ሺህ የሚሆኑ ወታደሮቻቸው ባሕር ዳሩ ላይ ወረዱ፤ ከዘጠኝ መቶ በላይ ሞቱ፤ ከዚያ የሚበልጡት ተማረኩ። በዚያ ሁሉ ውድቀት ውስጥ እንደታቀደው የተፈጸመው ሎቫት የመራው ክፍል ሥራ ነው። አራተኛው ኮማንዶ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወርዶ፣ ለሁለት ተከፍሎ ከፊትና ከኋላ ከበበ፤ መርከቦቹን ሊያሰጥሙ የተዘጋጁትን ስድስት ከባድ መድፎች አፈነዳና ተመለሰ። አንዱ መኮንኑ ፓት ፖርቲየስ በዚያች ጠዋት የቪክቶሪያ መስቀል አገኘ። ሎቫት ዲስቲንጉዊሽድ ሰርቪስ ኦርደር ተሸለመ። ለሥራው የተዘጋጁት እንግሊዝ አገር ተመሳሳይ ዳርቻ ፈልገው፣ ያንኑ ደጋግመው በመለማመድ ነው። ሲወራ የሚሰማው ድፍረቱ ብቻ ነው፤ ልምምዱን ማንም አያነሣውም።

አሁን ወደ ፊልሙ ደረስን። ጁን 6 ቀን 1944 ሎቫት 32 ዓመቱ ነው፤ ብርጋዴር ሆኖ አንደኛውን ልዩ ብርጌድ ይመራል። ሰዎቹ የብረት ቆብ ትተው አረንጓዴ ቤሬት ነው ያደረጉት። እሱ ከወታደር ልብሱ ሥር ነጭ ሹራብ ለብሶ፣ የአደን ጠመንጃ ይዞ ወረደ ይባላል። ከኋላው የሚከተለው ደግሞ ቢል ሚሊን ነው፤ 21 ዓመቱ፣ የግላስጎው ልጅ፣ ባግፓይፕ ነፊ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነፊዎች ከፊት እየሄዱ ብዙዎች ስላለቁ፣ ጦር ሚኒስቴሩ በውጊያ መስመር እንዳይነፉ ከልክሎ ነበር። ሚሊን ይህን ሲያስታውሰው ሎቫት የከለከለው የእንግሊዞቹ ጦር ሚኒስቴር ነው፣ አንተና እኔ ስኮትላንዳውያን ስለሆንን አይመለከተንም አለው። በስኮትላንድ ሰው አፍ ይህ ቀልድም ቁምነገርም ነው።

ሚሊን ሶርድ ተብሎ በተሰየመው ዳርቻ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ነፋ። በዙሪያው ሰዎች ወድቀዋል። በኋላ ያገኛቸው ጀርመኖች፣ አብዷል ብለን አዝነንልህ ነው ያልተኮስንብህ እንዳሉት ሲያወራ ኖሯል። ከዚያ ሌሊቱን በአየር ወርደው ድልድዮቹን የያዙት ወታደሮች ወደሚጠብቁበት ወደ ኦርን ወንዝ ተጓዙ። እነዚያ ወታደሮች ከሌሊት ጀምሮ ሲጠበቁ ቆይተው ከሩቅ የባግፓይፕ ድምፅ ሰሙ። ሎቫት እንደደረሰ ስለዘገየ ይቅርታ ጠየቀ።

ከስድስት ቀን በኋላ ብሬቪል በምትባል መንደር አጠገብ አብቅቶለት ነበር። የራሳቸው ወገን ጥቃት ከመጀመሩ በፊት መድፍ ሲተኮስ ቆሞ እያየ ሳለ አንዱ ጥይት ሳይደርስ ቀርቶ እነሱ መሀል ወደቀ። መድፉ የ51ኛው የሃይላንድ ክፍለ ጦር ነው፤ የገዛ አገሩ ልጆች። ፍንጣሪው ክፉኛ ቆረጠው። ካቶሊክ ስለነበረ ካህን ተጠርቶ የመጨረሻ ጸሎት ተደረገለት። ተረፈ፤ ወደ ውጊያ ግን አልተመለሰም። በ32 ዓመቱ ተዋጊነቱ አበቃ። ፈረንሳይ ሸለመችው፤ ቸርችል በ1945 መጀመሪያ የፓርላማ ልዑካን ጋር ሞስኮ ላከው፤ ለጥቂት ጊዜም የውጭ ጉዳይ ምክትል ሆነ። ከዚያ አገሩ ገባ። ከብት አረባ፤ በክፍለ አገሩ ምክር ቤት ለብዙ ዓመታት አገለገለ፤ በ1978 የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳተመ።

ለልጅ ልጄ ያልነገርኩት ከዚህ ይጀምራል።

በዚያ ዘመን በብሪታንያ ሀብታም ሲሞት መንግሥት ከርስቱ የሚወስደው የውርስ ግብር በጣም ለበለጸጉት እስከ ሰማንያ ከመቶ ይደርስ ነበር። ታላላቅ ቤቶች በአንድ የቀብር ቀን ይፈርሱ ነበር ማለት ይቻላል። ማምለጫው አንድ ነው፤ በሕይወት እያሉ ለልጅ መስጠት። ሰጪው ከሰጠ በኋላ ሕጉ የሚለውን ጥቂት ዓመታት በሕይወት ከቆየ ግብሩ ይቀራል። ሎቫትም በ1960ዎቹ ርስቱን ለበኩር ልጁ አስተላለፈ፤ እሱም ሲሞን ነው። ራሱ ከሚስቱ ጋር በዚያው አቅራቢያ አነስ ወዳለ ቤት ገባ።

እኔ በዚህ ልፈርድበት አልደፍርም። እኛስ ስንቶቻችን ነን ቤቱን በልጅ ስም ያዞርን፣ ካርታውን ሰጥተን «እስክንሞት ድረስ አንድ ክፍል ይበቃናል» ያልን? ሲሰጥ ፍቅርም አለበት፤ ስሌትም አለበት። የሰጠ ሰው ግን ከሰጠ በኋላ ገበታው ላይ እንግዳ ነው። ምክር ሊሰጥ ይችላል፤ ፊርማው የእሱ አይደለም። ልጁ መሬቱ ብቻውን ያንን ግንብና ያንን ኑሮ እንደማይችል አይቶ በየዓይነቱ ሥራ ሞከረ። አልሰመረም። ብድር መጣ፤ ብድሩን ለመክፈል መሬት ተሸጠ፤ እንደገና ብድር መጣ። ሽማግሌው አባት በመስኮቱ ማዶ ይህን እያየ አረጀ።

እስካሁን «እሱ» እያልኩ መጣሁ፤ የወጣት ወታደር ታሪክ ስለሆነ ነው። ከዚህ በኋላ ግን አንቱ ልበላቸው።

ማርች 15 ቀን 1994 የመጨረሻ ልጃቸው አንድሩ ታንዛኒያ ውስጥ ለአደን ወጥቶ ጎሽ ወግቶ ገደለው። 42 ዓመቱ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማርች 26፣ የበኩር ልጃቸው ሲሞን በግንቡ አቅራቢያ በፈረስ ሲጋልብ ልቡ ቆሞ ወደቀ። 54 ዓመቱ። ቦምብ ያልገደላቸው፣ የመድፍ ፍንጣሪ ያልገደላቸው አባት በ82 ዓመታቸው በአንድ ወር ሁለት ልጅ ቀበሩ። አርቺባልድን ያስታውሷል? አምስቱን የቀበረውን? አንዳንድ ጊዜ አንድ ቤት የራሱን ታሪክ ሳያውቀው ይደግማል።

የሲሞን ዕዳ ሲቆጠር በሚሊዮን ፓውንድ የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። ግብሩን ለማምለጥ የታሰበው ሁሉ፣ ልጅ ከአባት በፊት ይሞታል ተብሎ አልታሰበም ነበር። ሎርድ ሎቫት ማርች 16 ቀን 1995 ዐረፉ፤ አንድሩ ከሞተ በዓመት ከአንድ ቀኑ። ማዕረጉ ገና 18 ዓመት ለሞላው የልጅ ልጃቸው አለፈ። ግንቡ በዚያው ዓመት ተሸጠ። የገዛችው የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ናት፤ ከወንድሟ ጋር የአውቶቡስ ኩባንያ አቋቁማ የከበረች ስኮትላንዳዊት። በቤቱ ውስጥ የነበረው ሐዘን ሐዘን ነው፤ ግን የሹፌሩን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

በቀብሩ ላይ ባግፓይፕ የነፋው ቢል ሚሊን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ መጀመሪያ በሎቫት ርስት ላይ ሥራ ተሰጥቶት ነበር፤ አልቆየም። ከቲያትር ቡድን ጋር ዞረ፤ በኋላ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ሆኖ ተማረና በደቡብ እንግሊዝ በዴቨን እስከ ጡረታው ሠራ። መሬት አልነበረውም፤ ማዕረግ አልነበረውም። በ2010 ሞተ። በጁን 2013 ከወረደበት ዳርቻ ፊት ለፊት በኮልቪል ሞንትጎሜሪ ከተማ የነሐስ ሐውልት ቆመለት። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጅቷል፤ ከደከሙት አንዱ የገዛ ልጁ ነው፤ በምረቃውም ቀን ተገኝቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚሊን በዚያች ጠዋት የለበሰው ቀሚስ የካሜሮን ጥለት ያለው ኪልት ነው። የመንግሥት አልነበረም። አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፍላንደርስ ጭቃ ውስጥ የለበሰው፣ ይዞት የተመለሰው፣ ለልጁ ያስቀመጠለት ልብስ ነበር።

ይህን ትናንት ማታ ለልጅ ልጄ ነገርኩት፤ ግንቡንና ዕዳውን ትቼ ቀሚሱን ብቻ። ትንሽ አሰበና «ባሕር ውስጥ ሲገባ የአባቱ ቀሚስ አልረጠበበትም?» አለኝ። ረጥቧል፤ ሚሊን ራሱ ሲናገር ውሃው ላይ ተንሳፈፈ ብሏል፤ ብርዱም ሌሊቱን ሙሉ በጀልባ ሲያስመልሰው የነበረውን ሕመም ወዲያው አጠፋለት አልኩት። «ከዚያስ?» አለኝ። ከዚያማ መንፋት ጀመረ።